ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልትና የንግግር ነፃነት ወሰን

በሰብአዊ መብቶች ሕግ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ሰዎች መካከል አንዷ ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት ናቸው። ሕግ አልተማሩም፤ የዩኒቨርሲቲ ደጅም አልረገጡም። ይሁን እንጂ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ዳኞችና ጠበቆች ስለ ንግግር ነፃነትና ስለ ገደቡ ሲከራከሩ የሚጠቅሷቸው አንቀጾች ሲረቀቁ ጉባኤውን በሰብሳቢነት የመሩት እኚህ ሴት ነበሩ። መንግሥት የዜጋውን አፍ መዝጋት የሚፈቀድለት መቼ ነው? ጥላቻን የሚዘራ ቃል እንደ ማንኛውም ቃል የሕግ ከለላ ይገባዋልን? ገደብ ማበጀት ግድ ከሆነስ የገደቡን ገደብ ማን ይወስናል? እነዚህ ጥያቄዎች በወይዘሮ ኤሊኖር የሕይወት ዘመን የዓለምን መንግሥታት ለሁለት ከፍለው አከራክረዋል፤ ዛሬም መልሳቸው ተሟልቶ አላለቀም።

አና ኤሊኖር ሩዝቬልት ኦክቶበር 11 ቀን 1884 በኒው ዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሀብት ግን ከሐዘን አላዳናቸውም። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው፣ በማግሥቱ ዓመት አንደኛው ወንድማቸው፣ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ሲል ደግሞ አባታቸው ሞቱ። ያሳደጓቸው የእናታቸው እናት ነበሩ። ዐይነ አፋርና ብቸኛ የነበሩትን ልጅ የለወጣቸው በ1899 የተላኩበት፣ ለንደን አጠገብ የሚገኘው የአለንስዉድ ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ማሪ ሱቬስትር የተባሉ ፈረንሳዊት ሲሆኑ፣ ከመምህር የሰሙትን መልሶ ማነብነብን እንደ ዕውቀት አይቆጥሩም ነበር። ተማሪዎቻቸው የራሳቸውን ሐሳብ እንዲይዙና በሰው ፊት ቆመው እንዲሟገቱለት ያስገድዱ ነበር። ወይዘሮ ኤሊኖር በዚያ ያሳለፏቸውን ሦስት ዓመታት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በምስጋና ያነሡ ነበር።

በ1905 የሩቅ ዘመዳቸው የሆኑትን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አገቡ። በሠርጉ ዕለት በአባታቸው ቦታ ቆመው የዳሯቸው አጎታቸው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበሩ። ስድስት ልጆች ወለዱ፤ አንዱ ገና በሕፃንነቱ ተቀጠፈ። በ1921 ባለቤታቸው በፖሊዮ ደዌ ተመትተው እግሮቻቸው ሲሽመደመዱ፣ የባላቸው ስም ከሕዝብ ዘንድ እንዳይጠፋ ራሳቸው ወደ አደባባይ ወጡ። በሴቶች መራጮች ማኅበርና በሴቶች ሠራተኞች ማኅበራት ውስጥ ሲሠሩ በሕዝብ ፊት መናገርን፣ መጻፍንና መከራከርን ተማሩ።

ባለቤታቸው በ1933 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ወይዘሮ ኤሊኖር ከእርሳቸው በፊት በዚያ ቤት ከኖሩት እመቤቶች የተለየ መንገድ ያዙ። ሴቶች ጋዜጠኞች ብቻ የሚገቡበት የጋዜጣ ጉባኤ በየጊዜው ይጠሩ ጀመር፤ በዚህም ምክንያት ጋዜጦች ሴት ዘጋቢዎችን ለመቅጠር ተገደዱ። ከ1935 መጨረሻ አንሥቶ «የእኔ ቀን» የተባለውን የጋዜጣ ዐምድ በሳምንት ስድስት ቀን ይጽፉ ነበር፤ ይህንንም ሥራ ሊሞቱ ጥቂት ሳምንታት እስኪቀሩ ድረስ ቀጥለውበታል። ስለዚህ የንግግር ነፃነት ለእርሳቸው በመጽሐፍ ያነበቡት መርሕ ብቻ አልነበረም፤ የየዕለት ሥራቸው ነበር።

በ1939 ማርያን አንደርሰን የተባሉት ታላቅ ዘፋኝ ጥቁር በመሆናቸው ምክንያት አንድ የታወቀ የሴቶች ማኅበር በዋሽንግተን የሚገኘውን አዳራሹን ከለከላቸው። ወይዘሮ ኤሊኖር ከዚያ ማኅበር አባልነታቸውን ለቀቁ፤ ምክንያታቸውንም በጋዜጣ ዐምዳቸው ለሕዝብ አስታወቁ። ዘፋኟም በዚያው ዓመት በፋሲካ ዕለት በሊንከን መታሰቢያ ደጃፍ 75 ሺህ ያህል ሕዝብ ባለበት ዘመሩ። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልደፈሩም። በ1942 መንግሥት 120 ሺህ ያህል የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች፣ አብዛኞቹም የአሜሪካ ዜጎች የሆኑትን፣ ከቤታቸው አፈናቅሎ በሠፈር ሲያጉር ወይዘሮ ኤሊኖር በግል ተቃወሙ፤ በአደባባይ ግን የባለቤታቸውን መንግሥት አልነቀፉም። የፀጥታ ሥጋት የሚል ቃል ምን ያህል ሰፊ በር እንደሚከፍት ከቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሆነው አይተዋል።

ከቤተ መንግሥት ወደ ዓለም ጉባኤ

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በአፕሪል 1945 ሲሞቱ የወይዘሮ ኤሊኖር የአደባባይ ሕይወት ያበቃ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፕሬዚዳንት ትሩማን በለንደን ለሚደረገው ለመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአሜሪካ መልእክተኞች ቡድን አባል አድርገው መረጧቸው። በቡድኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ለማኅበራዊና ለሰብአዊ ጉዳዮች የተቋቋመውን ሦስተኛውን ኮሚቴ ሰጧቸው፤ በዚያ ብዙ ጥፋት አያደርሱም ተብሎ ታስቦ ነበር።

ሆኖም ያ ኮሚቴ ከጉባኤው ብርቱ ክርክሮች አንዱ የተነሣበት ሆነ። በጦርነቱ ምክንያት ከአገራቸው ወጥተው በጀርመንና በአጎራባች አገሮች መጠለያ ይኖሩ የነበሩ እጅግ ብዙ ስደተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሶቪየት ኅብረት ወደምትቆጣጠራቸው አገሮች መመለስን አልፈለጉም። የሶቪየት መልእክተኞች ስደተኞቹ እንዲመለሱ፣ በመጠለያዎቹም ውስጥ መመለስን የሚቃወም ስብከት ሁሉ እንዲከለከል ጠየቁ። ሶቪየትን ወክለው የተነሡት በ1930ዎቹ በሞስኮው የፖለቲካ ችሎት ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አንድሬይ ቪሺንስኪ ነበሩ። ወይዘሮ ኤሊኖር ያለ ጽሑፍ ቆመው መለሱላቸው፦ ሰው የሚኖርበትን የመምረጥ መብት አለው፤ መጠለያ ውስጥ ያለ ስደተኛም የፈለገውን መስማትና መናገር ሊከለከል አይገባውም የሚል ነበር ሐሳባቸው። የሶቪየት ማሻሻያዎች በድምፅ ብልጫ ወደቁ።

በጃኑዋሪ 1947 አሥራ ስምንት መንግሥታት የተወከሉበት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሥራውን ሲጀምር ወይዘሮ ኤሊኖርን ሰብሳቢ አድርጎ መረጠ። ምክትላቸው ቻይናዊው ፈላስፋ ፔንግ ቹን ቻንግ፣ ጸሐፊው የሊባኖሱ ቻርልስ ማሊክ ነበሩ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ካናዳዊው የሕግ መምህር ጆን ሃምፍሪ አዘጋጁ፤ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ካሳን መልክ ሰጡት። የወይዘሮ ኤሊኖር ድርሻ እነዚህን በፍልስፍና የማይገናኙ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ ሥራውን ከፍጻሜ ማድረስ ነበር። የስብሰባው ሰዓት ሲረዝም ተወካዮች ያማርሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተበገሩም።

ስለ ንግግር ነፃነት የተነሣው ክርክር በዚያ ጊዜ የነበረውን ሁኔታ ካላሰቡ በስተቀር አይገባም። ጠቅላላ ጉባኤው በዲሴምበር 1946 የመረጃ ነፃነት የሌሎች ነፃነቶች ሁሉ መፈተኛ መሆኑን በውሳኔ አስታውቆ ነበር። ከዚህ ሁለት ወር አስቀድሞ ግን በኑርምበርግ ዩሊየስ ሽትራይሸር ተሰቅሏል። ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ ጦር አላዘዘም፤ በእጁም ሰው መግደሉ አልተመሰከረበትም። ወንጀሉ ዴር ሽቱርመር በተባለው ጋዜጣው ለብዙ ዓመታት አይሁድን እንዲጠሉና እንዲያጠፉ ሕዝብን ማነሣሣቱ ነበር። ስለዚህ ቃል ነፃ ይሁን ሲባል የትኛው ቃል ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ በእጁ በቂ ማስረጃ ነበረው። የሶቪየት ወገን የፋሺስት ሐሳብንና የጦርነት ቅስቀሳን ማሰራጨት በሕግ እንዲከለከል አጥብቆ ጠየቀ። የምዕራብ መንግሥታት ደግሞ ፋሺስት የሚለው ስም ገዢዎች ለተቃዋሚያቸው ሁሉ የሚለጥፉት ስያሜ ሆኗል ሲሉ ተከራከሩ።

በ1948 መጋቢትና ሚያዝያ ገደማ በጄኔቭ ስለ መረጃ ነፃነት የተደረገው ጉባኤ ለመግለጫው አንቀጽ 19 መሠረት የሆነ ቃል አቀረበ። በመጸው ሦስተኛው ኮሚቴ በፓሪስ ሲሰበሰብ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። የንግግር ነፃነት ፋሺዝምን፣ ወረራንና በሕዝቦች መካከል ጥላቻን ለማስፋፋት እንዳይውል የሚል ማሻሻያ ከሶቪየት በኩል ቀርቦ ውድቅ ሆነ። አንቀጽ 19 ያለ አንዳች የራሱ ገደብ ጸደቀ፦ ማንኛውም ሰው ሐሳብ የመያዝና የመግለጽ፣ በማንኛውም መንገድ ድንበር ሳያግደው መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማስተላለፍ መብት አለው ይላል።

ይህ ማለት ግን መግለጫው ገደብ አያውቅም ማለት አይደለም። ገደቡ ለሁሉም መብቶች በአንድነት በአንቀጽ 29 ተደንግጓል። ገደብ በሕግ የተወሰነ መሆን አለበት፤ ዓላማውም የሌሎችን መብት ማስከበር ወይም በዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ ውስጥ ለሞራል፣ ለሕዝብ ሰላምና ለጋራ ደኅንነት የሚገባውን ማሟላት ብቻ ነው። አንቀጽ 30 ማንም በመግለጫው ስም ሌላውን መብት ለማፍረስ እንዳይነሣ ይከለክላል። አንቀጽ 7 ደግሞ ሰው ከአድልዎ ብቻ ሳይሆን አድልዎ እንዲደረግበት ከሚደረግ ቅስቀሳም ይጠበቅ ይላል። የጥላቻ ንግግር ጥያቄ በአንቀጽ 19 በር ባይገባም በአንቀጽ 7 መስኮት ገብቶ ነበር።

ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ሌሊት መግለጫው በ48 የድጋፍ ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ8 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ድምፅ ካልሰጡት መካከል ሶቪየት ኅብረትና ደጋፊዎቿ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። የሶቪየት ወገን ድምፁን ለማቀቡ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ በፋሺዝም ቅስቀሳ ላይ የጠየቀው ክልከላ አለመግባቱ ነበር። ፋሺዝምን በራሷ ምድር የቀመሰችው ኢትዮጵያ መግለጫውን ደግፋ ድምፅ ሰጠች።

የገደቡ ገደብ

መግለጫ መግለጫ ነው፤ አይከሰስበትም። ስለዚህ ኮሚሽኑ ወዲያው መንግሥታትን የሚያስገድድ ቃል ኪዳን ወደ ማርቀቅ ዞረ። አሁን እያንዳንዱ ቃል በፍርድ ቤት ሊጠቀስ የሚችል ስለ ሆነ ክርክሩ ጠበቀ። ብሪታንያ ገደቦቹ አንድ በአንድ ይዘርዘሩ አለች። አሜሪካ ግን ዝርዝሩ ከተጀመረ እያንዳንዱ መንግሥት የአገሩን ክልከላ እየጨመረበት መጨረሻ አይኖረውምና አንድ አጠቃላይ የገደብ ድንጋጌ ይበቃል ብላ ተከራከረች። ሁለቱም ወገኖች የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም መብቱን የሚሰጠው ዐረፍተ ነገር አጭር ሆኖ የሚነሣው ረጅም እንዳይሆን ነው።

ከሁሉ የከበደው ክርክር በ1950 ስለ ጥላቻ ቅስቀሳ የተነሣው ነው። በዘር፣ በብሔርና በሃይማኖት ላይ ጥላቻን መስበክ በሕግ ይከልከል የሚል አንቀጽ ሲቀርብ ወይዘሮ ኤሊኖር እጅግ አደገኛ ነው ብለው ተቃወሙ። ጥላቻ የሚለው ቃል ወሰን የለውም፤ በመንግሥት ወይም በሃይማኖት ባለሥልጣኖች ላይ የሚሰነዘር ማንኛውም ነቀፋ በቀላሉ የጥላቻ ቅስቀሳ ተብሎ ሊታፈን ይችላል የሚል ነበር ምክንያታቸው። እንዲህ ያለው አንቀጽ ለአምባገነን መንግሥታት ዓለም አቀፍ ፈቃድ እንደ መስጠት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ተቃራኒው ወገን ባዶ እጁን አልነበረም። በጥላቻ ስብከት ምክንያት ሕዝቦቻቸው የተጨፈጨፉባቸው አገሮች ተወካዮች፣ ሕግ ጭፍጨፋው እስኪጀመር ቆሞ መጠበቅ እንደሌለበት ተናገሩ። የሶቪየት ተወካዮች ደግሞ በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ያለ ፍርድ መሰቀላቸውን እያነሡ ስለ ነፃነት የሚሰብከው መንግሥት በቤቱ የሚፈጸመውን ይመልከት ይሉ ነበር። ይህ ነቀፋ ከፖለቲካ ዓላማ የመነጨ ቢሆንም ውሸት አልነበረም። በንግግር ጉዳይም ቢሆን አሜሪካ እጇ ንጹሕ አልነበረም። በ1940 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሳቸው በፈረሙት፣ የስሚዝ ሕግ በሚባለው አዋጅ መሠረት የኮሙኒስት ፓርቲ መሪዎች በ1949 ተፈረደባቸው፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1951 ፍርዱን አጸና። በጥርጣሬ ብቻ ሰውን ከሥራና ከክብር የሚያወርደው የሴናተር ማካርቲ ዘመቻም በዚያው ጊዜ ነገሠ። ወይዘሮ ኤሊኖር ይህንን ዘመቻ በዐምዳቸውና በንግግራቸው ተቃወሙ። የፌዴራል የምርመራ ቢሮ ስለ እርሳቸው የሰበሰበው መዝገብ ከ3,000 ገጽ በላይ መድረሱ ተናጋሪን የሚከታተል መንግሥት በሩቅ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

በ1953 አዲሱ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር መንግሥት የወይዘሮ ኤሊኖርን የሥራ መልቀቂያ ተቀበለ። ጥቂት ቆይቶም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ፎስተር ደለስ አሜሪካ በመረቀቅ ላይ ያሉትን ቃል ኪዳኖች እንደማትቀበል አስታወቁ። ወይዘሮ ኤሊኖር ቃሉን ለማጥበብ ስድስት ዓመት የደከሙበት ሰነድ በአገራቸው መንግሥት ተጣለ። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ ስለ ተባበሩት መንግሥታት እያስተማሩ፣ ስለ ጥቁሮች መብት እየተናገሩ አገር ለአገር ዞሩ። በ1958 ጥቁርና ነጭ አብረው ወደሚማሩበት የቴነሲ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሲሉ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው ቡድን እንደዛተባቸው መርማሪዎች ነገሯቸው። ማስጠንቀቂያውን ሰምተው ሄዱ። የጥላቻ ቃል ምን እንደሆነ ከማንም ሳይሰሙ ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ የፈሩት ግን ያንን ቃል ለመቅጣት በሚል ሰበብ መንግሥት የሚያነሣውን በትር ነበር። ኖቬምበር 7 ቀን 1962 በኒው ዮርክ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በሃይድ ፓርክ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀበሩ።

ከሞታቸው በኋላ

ክርክሩ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። ከመሞታቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1961፣ ሦስተኛው ኮሚቴ የተቃወሙትን አንቀጽ ይበልጥ አስፍቶ ተቀብሎት ነበር። ከቅኝ ግዛት የወጡ የእስያና የአፍሪካ መንግሥታት ብዙዎቹ ደገፉት፤ የዘር ንቀት ስብከት ምን እንደሚያመጣ በገዛ ሕዝባቸው ላይ አይተዋልና። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ1966 ጸድቆ በ1976 ሲጸና የሁለቱንም ወገን ሥራ ይዞ ወጣ። አንቀጽ 19 የንግግርን ነፃነት ካወጀ በኋላ ገደብ የሚፈቀደው በሕግ ሲደነገግ፣ የሌሎችን መብትና ስም፣ የአገርን ደኅንነት፣ የሕዝብን ሰላም፣ ጤናን ወይም ሞራልን ለመጠበቅ ሲሆንና ለዚህም አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 20 ደግሞ የጦርነት ቅስቀሳ፣ እንዲሁም ወደ አድልዎ፣ ጠላትነት ወይም ጥቃት የሚያነሣሣ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ ስብከት በሕግ ይከልከል ብሎ ያዛል። አንደኛው አንቀጽ መንግሥት እንዲገድብ የሚፈቅድ ሲሆን ሁለተኛው እንዲከለክል የሚያስገድድ ነው። አሜሪካ በ1992 ቃል ኪዳኑን ስታጸድቅ አንቀጽ 20ን በሚመለከት ተአቅቦ አደረገች፤ ወይዘሮ ኤሊኖር በ1950 ያሰሙት ተቃውሞ ከአርባ ዓመት በኋላ የአገራቸው ሕጋዊ አቋም ሆነ።

በ1994 በሩዋንዳ የተፈጸመው እልቂት ሌላውን ወገን አስታወሰ። በ1993 የተቋቋመው ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ሲያንቋሽሽ ከቆየ በኋላ በእልቂቱ ጊዜ የሚታደኑ ሰዎችን እስከ መጠቆም ደረሰ። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ችሎት በዲሴምበር 2003 ሁለት የራዲዮው መሥራቾችንና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ በጥፋተኝነት ቀጣ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት በ2007 የጥፋተኝነቱን ከፊል ሽሮ ቅጣቱን ሲቀንስ፣ የጥላቻ ንግግር ሁሉ ዘርን ለማጥፋት በቀጥታ ማነሣሣት ነው ሊባል እንደማይችል አስረግጦ ለየ። ሚሊዮን ያህል ሰው ባለቀበት ጉዳይ እንኳ ችሎቱ መስመሩን በጥንቃቄ መለካቱ ለሕግ ባለሙያ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2011 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት በአንቀጽ 20 የሚደረግ ክልከላም የአንቀጽ 19ን መመዘኛዎች ማሟላት እንዳለበት ገለጸ። በ2012 በራባት የወጣው የድርጊት መርሐ ግብር ደግሞ ንግግርን በወንጀል ከመቅጣት በፊት የሚመዘኑ ስድስት ነጥቦችን አስቀመጠ፤ እነርሱም የጊዜው ሁኔታ፣ የተናጋሪው ማንነት፣ ሐሳቡ፣ የንግግሩ ይዘትና መልክ፣ የስርጭቱ ስፋት፣ ጉዳት የማድረሱ ዕድል ናቸው። ወይዘሮ ኤሊኖር ጥላቻ የሚለው ቃል ወሰን የለውም ብለው ለተናገሩት ሥጋት ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ለኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያም ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነፃነትን በሕግ መሠረት አረጋግጦ ነበር። ኢትዮጵያ በ1993 ቃል ኪዳኑን ተቀበለች። በ1995 (በ1987 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎች ከሁለንተናዊው መግለጫ ጋር ተጣጥመው እንዲተረጐሙ አዘዘ። በአንቀጽ 29 ደግሞ ንግግር በሐሳቡ ይዘት ምክንያት እንዳይገደብ ደንግጎ፣ ወጣቶችንና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ እንዲበጅ ፈቀደ፤ የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርን ከለከለ። የ1950ው ክርክር ሁለቱም ወገኖች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (እ.ኤ.አ. በ2020) ጥያቄውን ከጉባኤ አዳራሽ አውጥቶ በዐቃቤ ሕግ፣ በጠበቃና በዳኛ ጠረጴዛ ላይ አኑሮታል። አዋጁ ለትምህርታዊ ጥናት፣ ለዜናና ለፖለቲካዊ ትችት፣ ለኪነ ጥበብ ሥራና ለሃይማኖት አስተምህሮ የተዋቸው ልዩ ሁኔታዎች የሚጠብቁት በወረቀቱ ላይ መጻፋቸው ብቻ ሳይሆን በችሎት እንዴት እንደሚተረጐሙ ነው።

ወይዘሮ ኤሊኖር በሁሉ ነገር ትክክል ነበሩ ማለት አይቻልም። የጥላቻ ስብከት ራሱ የደካማውን አፍ እንደሚዘጋ፣ ተሳዳቢው ሲበረታ ተሰዳቢው ከአደባባይ እንደሚርቅ አስቀድመው ያዩት የእርሳቸው ተቃዋሚዎች ናቸው። ነገር ግን ሰዎችን ከጥላቻ ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ገዢዎችን ከነቀፋ ለመጠበቅ ሊውል እንደሚችል ያስጠነቀቁት እርሳቸው ነበሩ፤ ይህም በብዙ አገሮች ደርሷል። አንድ ሰው በተናገረው ወይም በጻፈው ተከሶ ሲቀርብ ዳኛው የሁለቱንም ወገን ድምፅ መስማት ይኖርበታል፤ በጥላቻ ቃል ምክንያት ደሙ የፈሰሰውን ሰው፣ በጥላቻ ስም አፉ የተዘጋውንም ሰው። ክልከላው በግልጽ ሕግ ተጽፏልን? ለተፈቀደው ዓላማ ብቻ ውሏልን? ከዚህ የቀለለ መንገድስ አልነበረምን? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠይቅ የሚፈርድ ችሎት ወይዘሮ ኤሊኖር በ1950 የፈሩትን ነገር በገዛ እጁ ይፈጽማል።